ለሙስታንጌ 27,300 ዶላር ሲሉኝ ልፈርም ነበር

መኪናዬ ተጋጭታ፣ ኢንሹራንሴ ያቀረበልኝን ዋጋ ሳላጣራ ልፈርም ምን ያህል ተቃርቤ እንደነበር ልነግራችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። ካልነገርኳችሁ ለምን ያን ያህል እንደተንገበገብኩ አይገባችሁም። የ2019 ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ነበረች። ቀይ። 5.0 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር፣ 460 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 6 ማርሽ ማኑዋል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። የሰው ቆንጆ መኪና ሳቆምና ሳወጣ ነው ያደርኩት። በመጋቢት 2022 ዕቁብ ሲወጣልኝ 8,000 ዶላር ቅድሚያ ከፈልኩና በ38,900 ዶላር ገዛኋት። ቀሪውን ከክሬዲት ዩኒየን፣ ከአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ተበደርኩ። ያገለገለ መኪና ዋጋ ሰማይ የነካበት ጊዜ ስለነበር ባለቤቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እማዬ ደግሞ ፎቶዋን አይታ፣ "በሯ ሁለት ብቻ ነው? ልጆቹን የት ልታደርጋቸው ነው?" አለችኝ። ከዚያ ግን ሰው ሲመጣ መቁጠሪያ ላከችልኝ። "ከመስታወቱ ላይ ስቀላት፤ ፈጣን መኪና ነው አሉኝ።"

የ2023 ታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል) ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ማታ፣ ዝናብ እየዘነበ ከሥራ እመለስ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ነው። ከፊት ለፊቴ የመጣች ትንሽ መኪና ድንገት ወደ ግራዋ ታጠፈችና መንገዴን ዘጋችው። ፍሬን ያዝኩ። አልበቃኝም። ኤርባጉ ፈነዳ፣ ኮፈኑ እንደ ድንኳን ቆመ፣ ራዲያተሩ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። እኔ አንገቴን ከማመም በቀር ደህና ነኝ። የሌላኛዋ መኪና ሹፌር፣ ወጣት ልጅ ናት፣ እየተንቀጠቀጠች ወረደች።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት እዚያው ነው። ልጅቷን ሳያት አንጀቴ ተላወሰና "አይ አም ሶሪ፣ አይ አም ሶሪ፣ አር ዩ ኦኬ?" አልኳት። እኛ አገር ሰው ተደናቅፎ ቢወድቅ እንኳ ያልገፋነው ሰዎች "ይቅርታ" እንላለን። "አይዞሽ" ለማለት ነው እንጂ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ለማለት አይደለም። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይሰማም። ልጅቷ በኋላ ለኢንሹራንሷ ቃሏን ስትሰጥ "ይቅርታ ጠይቆኛል" ብላለች። አልዋሸችም። እናንተ "ተጎድተሻል? አምቡላንስ ልጥራ?" በሉ፤ እዚያ ላይ አቁሙ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሕግ፣ ከጥፋቱ 1 በመቶ እንኳ የእናንተ ነው ከተባለ ከሌላው ወገን ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ዲሲም በመኪናና በመኪና ግጭት እንደዚያው ነው። ብዙው የአሜሪካ ግዛት ጥፋቱን በመቶኛ ያካፍላል። እኛ ሰፈር ግን ወይ ሙሉ፣ ወይ ባዶ ነው። የማዶው ኢንሹራንስ ያቺን 1 በመቶ ነው የሚፈልጋት።

ሁለተኛው ስህተት ጎታቹ ላይ ነው። ፖሊስ መጣ፣ ሁለታችንንም አነጋገረ፣ የሪፖርት ቁጥር ሰጠን። መኪና ጎታቹ ወረቀት ዘረጋልኝ፤ በዝናብ፣ በስልክ ብርሃን፣ ሳላነብ ፈረምኩ። መኪናዋን የራሱ ግቢ ወሰዳት። በቀን 75 ዶላር የማቆሚያ ይቆጥር ነበር። ሐሙስ በዓል፣ ዓርብ ዝግ፣ ቅዳሜና እሁድ ዕረፍት። ኢንሹራንሴ አንስቶ ወደ ራሱ ቦታ እስኪወስዳት ስድስት ቀን አለፈ። 450 ዶላር። ኢንሹራንሱ ብዙ ተጨቃጭቆ ከፈለ፤ "ሁለተኛ ግን ወዲያው ደውል" አሉኝ። የኢንሹራንስ የድንገተኛ ስልክ ሌሊትም ይሠራል። ጎታቹ ሰንሰለቱን ሳያስር ደውሉና የት ይውሰዳት ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ቢሆን ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ መኪናው ብዙ ጊዜ ንቅንቅ አይልም፤ ለማሰብ ጊዜ ይገኛል። እዚህ በሃያ ደቂቃ ውስጥ መንገዱ ተጠርጎ መኪናችሁ የለችም።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የልጅቷ ኢንሹራንስ ነው። ድምፁ ማር የሆነ ሰው፣ "ደህና ነህ? በጣም አዝናለሁ፤ ነገሩን ቶሎ እንድንጨርስልህ ቃልህን ልቅዳ?" አለኝ። እንቅልፍ አልተኛሁም፣ አንገቴ አይዞርም። እሺ አልኩት። ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ። "በስንት ትነዳ ነበር?" አለኝ። የመንገዱ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 35 ማይል ነው። እኔ የፍጥነት መለኪያውን አላየሁም። "ምናልባት 40፣ ምናልባት 45" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ታማኝ ለመምሰል ይሆናል። "አላውቅም" ማለት ነውር የመሰለን ብዙ ነን።

ከአሥር ቀን በኋላ ደብዳቤ መጣ። ከወሰን በላይ እነዳ እንደነበር በራሴ አንደበት ስለተናገርኩ ጥያቄዬን አይቀበሉም። አለቀ።

ስለዚህ ይህን ያዙልኝ፦ ለሌላው ሰው ኢንሹራንስ ድምፃችሁን የማስቀዳት ግዴታ የለባችሁም። "ከኢንሹራንሴ ጋር ተነጋገሩ" ብላችሁ ቁጥሩን ስጧቸው። ከራሳችሁ ኢንሹራንስ ጋር የመተባበር ግዴታ አለ፤ ውሉ ላይ ተጽፏል። ለእነሱም ቢሆን ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። የማታውቁትን "አላውቅም" በሉ።

እንደ ዕድል ሆኖ ሙሉ ሽፋን ነበረኝ። ብድር ስላለ ክሬዲት ዩኒየኑ ያስገድዳል እንጂ እኔማ ላይቢሊቲ፣ በሌላው ላይ ያደረስኩትን ጉዳት የሚሸፍነውን፣ ብቻ ይዤ ወጪ ለመቆጠብ አስቤ ነበር። ስለዚህ በራሴ ኮሊዥን፣ የራሴ መኪና በግጭት ስትጎዳ በሚሸፍነው ክፍል፣ ገባሁ፤ የመጀመሪያዋን 1,000 ዶላር፣ ዲደክቲብሏን፣ እኔ ቻልኩ። በነገራችን ላይ የልጅቷ ኢንሹራንስ እሺ ቢልስ ኖሮ? የሜሪላንድ አነስተኛው የንብረት ሽፋን 15,000 ዶላር ነው። ለእንደዚህ ዓይነት መኪና አይበቃም። ውድ መኪና የሚነዳ ሰው በሌላው ሰው ኢንሹራንስ መተማመን የለበትም።

ለአንገቴ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ደግሞ ሌላ ነገር ታወሰኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ለሕክምናችሁ ቢያንስ 2,500 ዶላር የሚከፍል ፒአይፒ የሚባል ሽፋን አለ። እኔ ውሉን ስገባ "አልፈልግም" ብዬ ፈርሜያለሁ። ለምን? በወር ጥቂት ዶላር ለመቀነስ። ይህን አልዘበዝብም፤ ዛሬውኑ የእናንተን ተመልከቱ።

የእኔው ኢንሹራንስ መጀመሪያ ፎቶ ላክ አለኝ። ላክሁ። በፎቶ ብቻ 11,400 ዶላር ገመቱ። ደስ አለኝ፤ ልትጠገን ነው። የትኛው ቦዲ ሾፕ እንደሚሠራት የሚመርጠው ባለመኪናው ነው፤ ኢንሹራንሱ ሊጠቁም ይችላል እንጂ ሊያስገድድ አይችልም። ሙስታንግ የሚያውቅ ቦታ መረጥኩ። ባምፐሩንና ፓራፋንጎውን ፈትተው ሲያዩ ግን ጉዱ ወጣ። የሻንሲው የፊት ምሰሶ ታጥፏል። ሁለት ኤርባግ፣ ዳሽቦርዱ፣ የመቀመጫ ቀበቶዎቹ፣ ራዲያተሩ፣ የፊት እግሩ በሙሉ። ግምቱ 25,600 ደረሰ። በፎቶ የሚወጣ ግምት ቆዳውን ብቻ ነው የሚያየው።

ሜሪላንድ ውስጥ የጥገናው ወጪ ከመኪናው የገበያ ዋጋ 75 በመቶ ካለፈ ሳልቬጅ (ቅሪት) ይባላል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከኢንሹራንሱ አንዲት ሴት ደወለች። "መኪናህ ቶታል ሆናለች" አለችኝ፤ ከምትጠገን ዋጋዋን መክፈል ይሻላል ማለት ነው። ዋጋዋ 27,300 ዶላር፣ ሲደመር 6 በመቶ የመኪና ታክስ፣ ሲቀነስ ዲደክቲብል፣ 27,938። ከዚህ ላይ የክሬዲት ዩኒየኑ ዕዳ 25,100 ይወጣል። ለእኔ የሚደርሰኝ 2,838 ዶላር። "ኢሜይል ላይ ፈርመህ ላክልን፤ የኪራይ መኪናህን በአምስት ቀን ውስጥ መልስ" አለችኝ።

የኪራይ መኪናው ነገር ነው የሚያስቸኩለው። ቶታል ተብሎ ዋጋ ከተነገራችሁ በኋላ ኪራዩ በቀናት ውስጥ ይቆማል። እኔ ሥራዬ ሌሊት ነው፤ ያን ሰዓት ባቡር የለም። የባለቤቴን መኪና፣ ቶዮታ ሲዬናዋን፣ ብወስድ ልጆቹን ጠዋት ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል? ፈርሜ ልገላገል ነበር። በእውነት እስክሪብቶ ይዤ ነበር ልላችሁ ፈልጌ ነበር፤ ግን ፊርማው በስልክ ነው። ጣቴን ዘርግቼ ነበር።

ያተረፈኝ ቡና ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከምንቀመጥበት ቦታ አንድ ጋሼ አሉ፤ ዲሲ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል፣ አራት ጊዜ ተገጭተዋል። ነገሩን ስነግራቸው አላዘኑልኝም። "ሪፖርቱን አየኸው?" አሉኝ።

"የፖሊሱን?"

"የዋጋውን ልጄ! 27,300ን ከየት አመጡት? ከሰማይ አልወረደላቸው። ወረቀት አለው። ጠይቅ፣ ይልኩልሃል። እያንዳንዱን መስመር አንብብ።"

በማግስቱ ጠየቅሁ። ላኩልኝ። አሥራ ምናምን ገጽ ነው፤ ሳልጠይቅ ለምን አላኩልኝም ብዬ አልተከራከርኩም። ማታ ሥራ ላይ፣ መኪና በማይመጣበት ሰዓት፣ ዳሴ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እና ደሜ ፈላ።

የእኔ መኪና ጂቲ ፕሪሚየም ናት፤ እነሱ ተራ ጂቲ ብለው ጽፈዋል። የእኔዋ የፐርፎርማንስ ፓኬጅ አላት፤ ትልልቅ ብሬምቦ ፍሬን፣ የተለየ ዲፈረንሻል፣ የጠነከረ ስፕሪንግ። እነሱ ዘንድ የለም። ኪሎ ሜትሯ፣ እንግዲህ እዚህ ማይል ነው፣ 31 ሺህ ነበር፤ 41 ሺህ ተብሏል። አንድ ቁጥር ተሳሳተ፣ አሥር ሺህ ማይል ተጨመረብኝ። ጎማዎቹ "መካከለኛ" ተብለዋል፤ እኔ በመስከረም 1,100 ዶላር አውጥቼ አራቱንም ቀይሬያለሁ። ለማነፃፀር ካቀረቧቸው ሦስት መኪኖች አንዷ አውቶማቲክ ናት፣ ሌላዋ ደግሞ ከሌላ ግዛት፣ ከ250 ማይል ርቀት የመጣች።

ማንም ሊያጭበረብረኝ አልተነሳም፤ ይህን አሁን አምናለሁ። በቀን ብዙ መኪና የምታስተናግድ ሴት ናት። የመኪናው የሻንሲ ቁጥር ሲገባ ፕሮግራሙ ያወጣውን አምና ላከችው። ሙስታንግ ለእሷ አንድ መስመር ነው። ቀይ መሆኗን፣ ዕቁቡን፣ አሥራ አንድ ዓመቱን አታውቅም፤ ብታውቅም የምታስገባበት ሳጥን የላትም። ሳጥን ያለው ለወረቀት ነው።

እኔ ግን መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መደወልና መጮህ ነበር። "ይቺ መኪና እኮ እንደ ዓይኔ ብሌን የያዝኳት ናት!" አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ይገባኛል፤ ሰነድ ካለህ ላክልኝ" አለች። ከተረጋጋሁ በኋላ ነው ጋሼ ያሉኝ የገባኝ።

ስለዚህ ሦስት ሌሊት ሙሉ ወረቀት ሰበሰብኩ። በሻንሲ ቁጥሯ ፈልጌ የፋብሪካውን ዊንዶ ስቲከር አወጣሁ፤ አዲስ ስትሸጥ መስታወቷ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ነው፣ ፕሪሚየሙም ፓኬጁም ከነዋጋው ተጽፎበታል። ከግጭቱ በፊት ነሐሴ ላይ ዘይት ስቀይር የተሰጠኝ ደረሰኝ ላይ ማይሉ አለ። የጎማው ደረሰኝ ኢሜይሌ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ በአካባቢው ለሽያጭ የቀረቡ ሙስታንጎች ውስጥ ገባሁ። ዓመተ ምሕረቷ ከእኔዋ ጋር አንድ፣ ፕሪሚየም፣ ፓኬጅ ያላት፣ ማኑዋል፣ ማይሏ ከ25 እስከ 38 ሺህ፣ ርቀቷ ከ100 ማይል የማይበልጥ። አምስት አገኘሁ። የእያንዳንዷን ገጽ ከነቀኑና ከነሻጩ ቁጥር በፎቶ አስቀረሁ፤ ማስታወቂያ በማግስቱ ይጠፋልና። የመኪና ዋጋ የሚገምተውን ኬሊ ብሉ ቡክን አልላክሁም። ብዙ ሰው ከዚያ ዋጋ አውጥቶ ይከራከራል፤ ኢንሹራንሶች ግን ግምት ላይ ሳይሆን እውነተኛ ማስታወቂያ ላይ ነው የሚሰሙት።

ኢሜይሉን ልጄ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ፣ አረመችልኝ። አጭር ነበር። "ሪፖርታችሁ ላይ አራት ስህተት አግኝቻለሁ" የሚል መግቢያ፣ አራቱ ስህተቶች፣ የእያንዳንዳቸው ማስረጃ፣ አምስቱ መኪኖች፣ እና በመጨረሻ "ዋጋው እንደገና እንዲሰላ እጠይቃለሁ"። ቁጣ የለበትም፣ "ዓይኔ ብሌን" የለበትም። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር በኢሜይል ብቻ አደረግሁ። ሲደውሉ እንኳ ስጨርስ "ዛሬ እንደተነጋገርነው…" ብዬ ጽፌ እልካለሁ። በመሃል ጉዳዩን የያዘችው ሴት ተቀየረች፣ አዲሱ ሰው ምንም አያውቅም ነበር። የኢሜይሉን ሰንሰለት ላክሁለት፤ በአንድ ቀን ገባው።

30,400 አሉ። አመሰገንኩና የጎማዎቹን ደረሰኝ እንዳልቆጠሩት፣ 250 ማይል ርቃ ያለችውም መኪና አሁንም ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለች አሳየሁ። እዚህ ላይ ውሌን አንብቤ ያገኘሁትን አንድ ነገር ጠቀስኩ። ብዙ የመኪና ውል ውስጥ "አፕሬይዛል" የሚባል አንቀጽ አለ። በዋጋ ካልተስማማችሁ እናንተ አንድ ገማች ትቀጥራላችሁ፣ እነሱ አንድ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይዳኛል። የራሳችሁን ገማች የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ እኔን 500 ዶላር አካባቢ ብለውኝ ነበር። ለ300 ዶላር ልዩነት አይሆንም፤ ለሦስትና ለአራት ሺህ ግን ያዋጣል። የሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤትም አለ፤ አቤቱታ በነፃ ይቀበላል። ሁለቱንም "ካልተስማማን" ብዬ በጨዋ ቋንቋ ጻፍኩ። ሁለቱም አላስፈለጉኝም።

በጥር አጋማሽ 31,850 ላይ ተስማማን። ታክሱ ተጨምሮ፣ ዲደክቲብሉ ተቀንሶ 32,761። ክሬዲት ዩኒየኑ ድርሻውን ወስዶ ለእኔ 7,661 ዶላር ተረፈኝ። ከመጀመሪያው ጋር ልዩነቱ 4,823። ለሦስት ሌሊት ሥራ ክፉ አይደለም፤ ፓርኪንግ እንዲህ ከፍሎኝ አያውቅም።

ታክሱን በተመለከተ፦ በሜሪላንድ ደንብ ለቶታል መኪና የሚከፈለው ሒሳብ ታክስና የስም ማዛወሪያ ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ ከሌለ ጠይቁ።

አሁን ያልተሳካልኝን ልንገራችሁ። ከገዛኋት በኋላ ማርሚታዋን ቀይሬ ነበር፣ ቸርኬዎቹንም። 4,200 ዶላር። ኢንሹራንሴን አላሳወቅሁም። ከፋብሪካ ውጭ የተገጠመ ዕቃ ለብቻው ካልተመዘገበ የሚከፈለው ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ምንም። እኔ ያገኘሁት ዜሮ ነው። ግን የድሮዎቹ ቸርኬዎች ጓደኛዬ ቤት ምድር ቤት ነበሩ። ከመፈረሜ በፊት "የራሴን ቸርኬ ወስጄ የፋብሪካውን ልመልስ?" ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ ፈቀዱ። ሳትጠይቁ እንዳትነኩ፤ ከሰጡት ዋጋ ላይ ይቀንሳሉ። በታኅሣሥ ብርድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እዚያ ግቢ ሄደን እጃችን እየደነዘዘ ቀየርን። አራተኛው ግን በግጭቱ ተሰብሯል። ሦስት ቸርኬ ማን ይገዛል? ባልቲሞር ውስጥ አንድ ሰው ተገኘ። ጠርዝ መትቶ አንድ የሰበረ፣ "መለዋወጫ ይሆኑኛል" ብሎ በ600 ዶላር ወሰዳቸው።

ከጓደኞቼ አንዱ፣ መካኒክ ነው፣ "ለምን አንተው መልሰህ አትገዛትም?" ብሎ ልቤን አስነሳው። ይቻላል። ኢንሹራንሱ የቅሪቷን ዋጋ፣ በእኔ ጉዳይ 8,200 ዶላር፣ ቀንሶ መኪናዋን ይተውላችኋል። "በ12 ሺህ አቆማታለሁ" አለኝ። ሁለት ሌሊት ሳሰላ አደርኩ። ግን ሊብሬዋ ላይ ሳልቬጅ የሚል ማኅተም ይመታል፣ ምርመራ አለ፣ ሙሉ ሽፋን የሚሰጥ ኢንሹራንስ ማግኘት ከባድ ነው፣ ስትሸጡም ማንም በሙሉ ዋጋ አይገዛም። የታጠፈ ሻንሲ ያለው 460 ፈረስ ጉልበት ላይ ልጆቼን አላሳፍርም አልኩ። ቅር ብሎታል እስከ ዛሬ።

ብድሩን በተመለከተ ትልቅ ቂልነት ሠርቻለሁ። "ኢንሹራንስ ይከፍለው የለ?" ብዬ የታኅሣሥን 555 ዶላር አልከፈልኩም። መኪናዋ ብትሞትም ብድሩ ሕያው ነው። 30 ቀን ካለፈ የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች ይነገራል፤ እኔ በ27ኛው ቀን ባለቤቴ ደርሳብኝ ከነቅጣቱ ከፈልኩ። ቼኩ ክሬዲት ዩኒየን እስኪገባ ድረስ ክፈሉ። ትርፍ ከከፈላችሁ ይመልሱላችኋል።

ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ገንዘብ አለ። መኪና ስገዛ ሻጩ 795 ዶላር የጋፕ ኢንሹራንስና 1,900 ዶላር የተራዘመ ዋስትና ብድሩ ውስጥ ጨምሮብኝ ነበር። ጋፕ ዕዳችሁ ከመኪናው ዋጋ ሲበልጥ ልዩነቱን የሚሸፍን ነው፤ እኔ አላስፈለገኝም። ሁለቱም ግን ብዙ ጊዜ ያልተጠቀማችሁበት ጊዜ ይታሰብላችኋል። የሸጠልኝ ቦታ በጽሑፍ "ሰርዙልኝ" ብዬ ስጠይቅ ከዋስትናው ብቻ 1,150 ዶላር መለሱ። ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አስታውሶ አይደውልላችሁም።

ታርጋውን ደግሞ አትርሱ። ሜሪላንድ ውስጥ ታርጋውን ለኤምቪኤ፣ ለመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ፣ ሳትመልሱ ኢንሹራንስ ካቋረጣችሁ፣ መኪናዋ ብትኖርም ባትኖርም፣ ያለ ኢንሹራንስ የነዳችሁ ያህል ቀን በቀን የሚቆጠር ቅጣት ይመጣል። መጀመሪያ ታርጋ፣ ከዚያ ደረሰኝ፣ ከዚያ ነው ለኢንሹራንሱ ስልኩ። የመንገድ ክፍያ (ቶል) በራሷ የምትቆርጠውን የኢዚ ፓስ ሳጥንም ከመስታወቱ ላይ ንቀሉ፤ የሰው ቶል እንዳትከፍሉ።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ያቺ "40፣ ምናልባት 45" ናት። ኤርባግ ያላቸው አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ትንሽ መዝጋቢ አላቸው። ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ጥቂት ሰከንዶች ፍጥነትና ፍሬን ይይዛል። በ2015 የወጣው የፌዴራል ሕግ መረጃው የባለመኪናው ነው ይላል። እኔ 33 ወይም 34 ላይ እንደነበርኩ እምላለሁ፤ ማርሹ ሦስተኛ ነበር፣ የሞተሩን ድምፅ አውቀዋለሁ። ያ መዝጋቢ ቢነበብ ኖሮ የማዶውን ደብዳቤ መልሼ እልክላቸው ነበር፤ ዲደክቲብሌንም አገኝ ነበር። ስለመኖሩ የሰማሁት በየካቲት ነው። በመንገዱ ዳር ያለ ሱቅ ካሜራም ነበረው፤ ስሄድ "ከሳምንት በኋላ ራሱ ይጠፋል" አሉኝ። ስለዚህ ጥፋቱ ላይ ክርክር ካለ ካሜራ በማግስቱ ፈልጉ። መዝጋቢው ተነብቦ እስኪቀመጥ ድረስም መኪናዋ እንዳትሸጥ በጽሑፍ ጠይቁ። አሁን በባለቤቴ ሲዬና ላይ ዳሽካም፣ መንገዱን የሚቀዳ ትንሽ ካሜራ፣ ሰቅያለሁ፤ 90 ዶላር ነው።

መጋቢት ላይ የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ጻፍኩት። የጨረታ ገጽ ወጣ። አሥር ፎቶ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። የፋብሪካው ቸርኬ ሦስቱ ላይ፣ አራተኛው ላይ ባዶ ብረት። "አይነሳም፣ አይነዳም" ይላል። የኋላ ዕቃ መጫኛውን፣ የጓንት ሳጥኑን፣ የመቀመጫውን ሥር ሳይቀር ባዶ አድርጌ ነበር፤ የልጄን የጠፋ ጓንት እንኳ አግኝቻለሁ። ስድስተኛው ፎቶ የውስጧ ነው። የፈነዳው ኤርባግ ከመሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ከመስታወቱ ላይ ደግሞ የእማዬ መቁጠሪያ።

ደወልኩ። ተሸጣለች፣ ወደ ወደብ እየሄደች ነው አሉኝ። እማዬ እሁድ እሁድ ስትደውል አሁንም "መቁጠሪያዋ አለች?" ትለኛለች። "መንገድ ላይ ናት" እላታለሁ።